የአባቴ የድሮ ሥራ

በዚህ ሴሚስተር ከተሰጡን የቤት ሥራዎች አንዱ የአንድን ሰው የሥራ ታሪክ ጠይቆ መመዝገብ ነበር። ቀላል መስሎኝ አባቴን መረጥኩ። «አባዬ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» ስለው፣ «አታውቂም እንዴ? ሹፌር ነኛ!» አለኝ። ሐኪሙ ዘንድ ባለው ማኅደሩ ላይም የተጻፈው ይኸው ነው።

«ከዚያ በፊትስ?» ስለው ግን ሌላ ታሪክ መጣ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሰባት ዓመት በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ቦይለር ይጠግን ነበር። ቦይለር ውኃ እያሞቀ ሕንፃውን በክረምት የሚያሞቀው ትልቁ ምድጃ ነው። በጋ ላይ እሳቱ ሲጠፋ ውስጡ ይገባና የተሰነጠቀውን እሳት የሚችል ጡብና ሲሚንቶ በመዶሻ ይፈነቅላል፤ የበሩን ማሸጊያ ገመድና እሱ «ጓርኒሲዮን» የሚለውን በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል፤ ከዚያ ሁሉንም በደረቁ ይጠርጋል። «አቧራው የወፍጮ ቤት ነበር የሚመስለው» አለኝ እየሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አስቤስቶስ እንደ ጥጥ የሚፈተል፣ እሳት የማይበላው ማዕድን ነው። ለዚህም ነው ድሮ በቦይለር መሸፈኛ፣ በማሸጊያ ገመድ፣ በአንዳንድ እሳት ቻይ ሲሚንቶ ውስጥ ሲቀላቀል የኖረው። ሳይነካ ከተቀመጠ ብዙም ችግር የለውም። ሲሰበር ወይም ሲፋቅ ግን በዓይን የማይታዩ ጭረቶች አየር ላይ ይበተናሉ። አይሸቱም፣ አያቃጥሉም። ወደ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ሲደርሱ ቆሻሻ የሚያጸዱት ሴሎች ሊውጧቸው ይሞክራሉ፤ ጭረቱ ግን አይፈጭም። የሳንባው ሥጋ እየቆሰለ ጠባሳ ይሠራል፤ ይህ አስቤስቶሲስ ይባላል። የሳንባ ካንሰርና የሳንባን ሽፋን የሚይዘው ሜሶቴሊዮማም አሉ። ሜሶቴሊዮማ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው የሚታየው።

ይህ ቆይታ ነው ያስደነገጠኝ። በሽታው ሲመጣ ሰውየው ሥራውን ትቶታል፤ ማኅደሩም ስለ ቦይለር አያወራም። የወላጆቻችን ትውልድ ደግሞ ስንት ሥራ ቀይሯል! «ምን ትሠራለህ?» ብለን ከጠየቅን «ሹፌር» እንባላለን። የሚጠየቀው «እዚህ አገር ከመጣህ ጀምሮ ምን ምን ሠራህ? አቧራው ምን ዓይነት ነበር?» ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ሲጋራ ነው። በአሜሪካ የሙቀት መከላከያ ሠራተኞች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ታዋቂ ጥናት አለ። ሁለቱንም ካልነካ ሰው ጋር ሲነጻጸር፣ በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋው አስቤስቶስ ብቻ ላገኘው 5 እጥፍ፣ ለሚያጨስ 11 እጥፍ ገደማ፣ ሁለቱ ለተገናኙበት ግን ከ50 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። አባቴ እኔ አንደኛ ክፍል እያለሁ ነው ያቆመው። (እናቴ «በእኔ ጭቅጭቅ» ትላለች።)

«ያ የድሮ ነገር ነው፣ ታግዷል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ በማርች 2024 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በአገሪቱ በጥቅም ላይ የቀረውን ክሪሶታይል የተባለውን ዓይነት አግዷል። ቀድሞ በየምድር ቤቱ የተለሰነው ግን እዚያው አለ። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1980 ወይም ከዚያ በፊት በተሠራ ሕንፃ ያለ የቦይለርና የቧንቧ መሸፈኛ፣ ተመርምሮ ነጻ መሆኑ እስካልታወቀ ድረስ አስቤስቶስ እንዳለበት ይቆጠራል። ስለዚህ በጥገና የምትሠሩ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት የምርመራውን ወረቀት ጠይቁ። መጠየቅ መብት ነው። በደረቁ አትጥረጉ። የቀዶ ሕክምና ማስክ ደግሞ ለዚህ ምንም አይጠቅምም። «አስቤስቶስ የለበትም» የተባለ አዲስ ሽፋንም ቢሆን ዝም ብሎ አይፈነቀልም፤ አንዳንዱ የሴራሚክ ጭረት ለረጅም ጊዜ በኃይለኛ ሙቀት ሲቆይ ከፊሉ ሳንባ ወደሚጎዳ ሲሊካ ይለወጣል።

አባቴን ዛሬ ምንም አያመውም። ቢሆንም ዓመታቱንና የሠራውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጽፌ ለሐኪሙ እንዲሰጥ አዘጋጀሁለት። እናቴ ቡና እያፈላች ስትሰማን ቆይታ፣ «ያንን ቱታ እኮ በረንዳ ላይ እያራገፍኩ የማጥበው እኔ ነበርኩ» አለች።

ልብስ ላይ በመጣ አቧራ የታመሙ የሠራተኛ ሚስቶች እንዳሉ ተምረናል። ሌላ ወረቀት አወጣሁና የእሷን ስም ጻፍኩበት።