ትምህርት አሥራ አንድ፦ የትኛው አውራ ዶሮ ለዘር ይቀመጥ?

ሀ. መግቢያ

ሰው በየዕለቱ ይመርጣል፤ የምርጫውን ምክንያት አስተካክሎ የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው። «ይህን ወደድሁ» ማለት ምርጫን መግለጽ ብቻ ነው። «ይህን የመረጥሁት ስለዚህና ስለዚያ ነው» ማለት ግን አድማጭ ነገሩን ራሱ እንዲመዝን ያስችለዋል። በዚህ ትምህርት አመዛዝኖ መጻፍን እንማራለን። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ስታነቡም እናትና ልጅ በምን ነጥብ ላይ እንደ ተለያዩ አስተውሉ።

ለ. ምንባብ

ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን፣ በላስታ ተራሮች መካከል፣ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዚያ አካባቢ ካሉት መንደሮች በአንዱ የምትኖር አንዲት እናት ስምንት ሴት ዶሮዎችና ሦስት አውራዎች ነበሯት። የነቢያት ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ላሊበላ ቤት ተከራይቶ ዘጠነኛ ክፍል የሚማረው ልጇ ስንቅ ሊወስድ መጣ። የሁለት ወር የቤት ኪራይ አልከፈለም ነበር። ገና ስለ ቀረበም የአውራ ዶሮ ዋጋ ጨምሯል።

«እማዬ፣ ቀዩንና ገብስማውን ቅዳሜ ገበያ ልውሰዳቸው። ሁለቱም ድልቦች ስለ ሆኑ የሁለቱን ወር ኪራይ ይሸፍናሉ። ነጩ የሚያወጣው ጥቂት ነው፤ እሱ ለዘር ይቀመጥ» አላት።

እናቱ ጥቂት ዝም ብላ ቆየች። «ልጄ፣ የኪራይህ ነገር እኔንም እንቅልፍ ነሥቶኛል። ነገር ግን ገበያ የናቀውን ለዘር ካስቀመጥን፣ የከርሞ ዶሮዎቻችንንም ገበያ ይንቃቸዋል። አንዲት ሴት ዶሮ ጠባይዋን የምታወርሰው ለራሷ ጫጩቶች ብቻ ነው፤ አውራው ግን የሁሉም አባት ነው» አለችው።

«እንዲያ ከሆነ ሁለቱን ለምን አናቆያቸውም?»

«ለስምንት ሴቶች አንድ አውራ ይበቃል። ሲበዙ እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ፤ ሴቶቹን ያቆስላሉ፤ እህሉንም ይጨርሳሉ። ና፣ ራስህ እያቸው።»

ወደ ግቢው ወጡና እናቲቱ ጥቂት ገብስ በተነች። ቀዩ ሴቶቹን በመንቁሩ እያባረረ ብቻውን ለቀመ፤ ቀርባ የነበረችውንም ትንሽ ልጅ ሊወጋት ተንደረደረ። ነጩ ዳር ዳሩን ለቀመ። ገብስማው ግን ፍሬ ባገኘ ቁጥር እየጮኸ ሴቶቹን ጠራቸው።

«ባለፈው ኅዳር ጭልፊት ሲያንዣብብ አስቀድሞ የጮኸው እርሱ ነው፤ አንድም ጫጩት አልተወሰደብንም። ቀዩ በአካል ከእርሱ አያንስም፤ ነገር ግን ክፉ ነው፤ ክፋትም ይወረሳል። ነጩ ደግሞ ጠባየ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ከአራቱ ቄቦች ጋር ከአንድ እናት የተፈለፈለ ወንድማቸው ነው። ወንድምና እህት ሲዋለዱ ዘሩ ይደክማል። ገብስማውን ግን ያመጣነው ከሌላ መንደር ለውጠን ነው» አለች።

ልጁ የሚመልሰው አጣ። ቅዳሜ ቀዩንና ነጩን ሸጠ፤ ገንዘቡ ግን ለአንድ ወር ኪራይ ብቻ በቃ። ለቀረው አከራዩን ቀን ጠየቀ፤ እናቱም እንቁላል እያጠራቀመች ሸጣ ልትልክለት ቃል ገባች።

ሐ. ማብራሪያ

ልጁ የተሳሳተው ዋጋን በማስላቱ አይደለም። ኪራዩ እውነተኛ ችግር ነው። ስሕተቱ አንድ መለኪያ ብቻ መያዙ ነው። እናቲቱ ግን አካልን፣ ጠባይን፣ ንቃትንና ዝምድናን ጨምራ መዘነች። ሴት ዶሮ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች፤ ያ እንቁላል ግን አይፈለፈልም። ጫጩት ውርሱን እኩሌታውን ከእናቱ፣ እኩሌታውን ከአባቱ ስለሚያገኝ፣ በምርጫ ላይ የሚሠራ ስሕተት በአንድ ሴት ዶሮ ከሚሠራው ይልቅ በአውራው የሚሠራው ይሰፋል። ገብስማውም ቢሆን ለዘለዓለም አይቀመጥም፤ ሴት ልጆቹ ለእንቁላል ሲደርሱ በሌላ አውራ መለወጥ አለበት።

እንግዲህ አመዛዛኝ ድርሰት ስትጽፉ ሦስት ነገሮችን ጠብቁ።

1. መለኪያችሁን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በሁሉም ላይ እኩል ተጠቀሙበት።
2. የተዉትን ነገር መልካም ጎን አትደብቁ። እናቲቱ የነጩን ጠባይ አመስግናለች።
3. ምርጫው የሚያስከፍለውን ዋጋ ግለጹ። በምንባቡ መጨረሻ አንድ ወር ኪራይ ሳይከፈል መቅረቱን ልብ በሉ።

መ. ሰዋስው

«ገብስማ» የሚለው ቅጽል «ገብስ» ከሚለው ስም ላይ «-ማ» የሚለው ባዕድ መድረሻ ተጨምሮበት የተመሠረተ ነው። የገብስ መልክ ያለው ማለት ነው። ከዥግራ «ዥግርማ»፣ ከተራራ «ተራራማ» እንዲሁ ይመሠረታሉ።

ሁለት ነገሮችን ስናወዳድር «ከ» የሚለውን መስተዋድድ ከ«ይልቅ» ጋር፣ ወይም ከሚያወዳድር ግሥ ጋር እንጠቀማለን።
ምሳሌ፦ ከነጩ ይልቅ ገብስማው ንቁ ነው። ገብስማው ከነጩ በንቃት ይበልጣል።

ሠ. መልመጃ

1. «ድልብ»፣ «ከርሞ»፣ «ቄብ» የሚሉትን ቃላት ከምንባቡ አገባባቸው ተነሥታችሁ ፍቱ፤ በየዐረፍተ ነገሩም አስገቡ።
2. በ«-ማ» የተመሠረቱ አራት ቅጽሎችን ጻፉ፤ የተገኙበትን ስም ለዩ።
3. እናቲቱ ስለ ነጩ አውራ ስትናገር የተጠቀመችበትን ተቃራኒ ሐሳብ አያያዥ ፈልጉ። በእርሱ ምትክ ሌላ አያያዥ አስገብታችሁ ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉ።
4. በልጁ ቦታ ብትሆኑ የእናቲቱን ውሳኔ ትቀበላላችሁን? ምክንያታችሁን በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በሁለተኛው አንቀጽ ከእናንተ የተለየውን አስተያየት በቅንነት አቅርቡ።
5. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ለዘር የሚቀመጥ እንስሳ ወይም እህል በምን እንደሚመረጥ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ያገኛችሁትን ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ።