በአንድ እጅ ዒላማ መምታት፦ የአየር ሽጉጥ ልምምድ በመንዝ ደጋ

መንዝ ምንሽርና ውጅግራ ጠመንጃ የሚሞገስበት አገር ነው፤ ተኳሹም ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው በዓይኑ ነው። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር ግን ነጥብ የሚያስገኘው ከዓይን በላይ ጣት ነው። ጣት ደግሞ አንዲት ጥይት ሳትባክን እቤት ውስጥ ይሠለጥናል።

ውድድሩ ቆሞ፣ በአንድ እጅ ብቻ ነው። የጥይቷ ውፍረት 4.5 ሚሊ ሜትር፣ 10 ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋት 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 60 ተኩስ በ75 ደቂቃ።

መጀመሪያ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። በሞላ የሚሠራ የአየር ሽጉጥ ባዶውን ሲተኮስ ስለሚጎዳ ለባዶ ልምምድ የተሠራ ማስተካከያ ያለውን ምረጡ። የምትይዙት የጦር መሣሪያ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ግድ ነው።

ሁለተኛ፣ አቋቋም። ጎናችሁን ለዒላማው ስጡ፤ እግር በትከሻ ልክ ይከፈት፤ ሌላው እጅ ኪስ ይግባ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክንዳችሁን አንሡና ግለጡ። ሽጉጡ ከዒላማው ወደ ጎን ከዞረ እጃችሁን አትጠምዝዙ፤ እግራችሁን አንቀሳቅሱ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎችን አስተካክሉ፤ ዓይናችሁ የፊተኛው ላይ ይረፍ፣ የዒላማው ጥቁር ክብ ይደብዝዝ። ጀማሪ እጁ ሲንቀጠቀጥ ይደነግጣል። የማንም እጅ ፈጽሞ አይቆምም! ክንዳችሁ እንዳለ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ጥይቷም የምትስተው 1 ሚሊ ሜትር ነው። በማነጣጠሪያዎቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ቢኖርና የፊተኛው 1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ግን በ10 ሜትር ላይ 33 ሚሊ ሜትር ትስታላችሁ፤ ከ10 ነጥብ ወደ 6 ያወርዳችኋል። ስለዚህ መንቀጥቀጡን ታገሡት፣ መዛነፉን አትታገሡ።

አራተኛ፣ ምላጩን ቀጥታ ወደ ኋላ፣ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ ጫኑት። «አሁን!» ብላችሁ አትሳቡ። ሁለት ጊዜ በደንብ ተንፍሱ፣ ግማሹን አስወጡና ያዙት። ስምንት ሰከንድ ካለፈ ክንዳችሁን አውርዱና እንደገና ጀምሩ። የመንዝ ከተማ መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ነውና ከቆላ የመጣ እንግዳ ትንፋሹ ቶሎ ያጥረዋል፤ ረዘም ያለ ዕረፍት ይውሰድ። ምላጩ ከለቀቀም በኋላ ለአፍታ ዓይናችሁን ከፊተኛው ማነጣጠሪያ አታንሡ። ነጭ ግድግዳ ፊት በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይህንኑ ብቻ ሥሩ።

አምስተኛ፣ በጥይት ስትለማመዱ የድንጋይ ካብ ከዒላማው ኋላ አይሁን፤ ድንጋይ እርሳሱን ወደ ተኳሹ ይመልሰዋል። መንዝ ድንጋይ በድንጋይ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ረጅም የአፈር ቁልል ፈልጉ፤ መነጽር አድርጉ፤ ከኋላው ሰውና ከብት አለመኖሩን እዩ። በጥር ውርጭ የደነዘዘ ጣት ምላጩን አይሰማውምና ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ጀምሩ፤ እስከዚያው እጃችሁ ጋቢ ውስጥ ይቆይ።

በመጨረሻ ወረቀቱን አንብቡ። ቀዳዳዎቹ ከተበታተኑ ማነጣጠሪያውን አትንኩ፤ ወደ ባዶው ልምምድ ተመለሱ። የቀኝ እጅ ተኳሽ ወደ ግራ ታች ከሰበሰበ ብዙ ጊዜ ምላጩን እየነጠቀ ነው። በባዶው ልምምድ መንጠቁን ካቆመ በኋላም ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው ከመሐል ከራቁ፣ ማነጣጠሪያውን ያን ጊዜ ያስተካክል።