ፀሐይን በቪዲዮ ካሜራ ስለ መቅረጽ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ጧት፣ በላሊበላና በአካባቢው ቀለበት መሰል የፀሐይ ግርዶሽ ታየ። ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ገብታ የፀሐይን መካከለኛ ክፍል ጋረደች፤ ዳር ዳሩ ግን እንደ እሳት ቀለበት ሆኖ ሳይሸፈን ቀረ። እንዲህ ያለውን ትርኢት በቪዲዮ ካሜራ ቀርጾ ለማቆየት የሚመኝ ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ካሜራን ወደ ፀሐይ ማዞር ካሜራውንም ዓይንንም ለአደጋ ያጋልጣል። ካሜራው በሌላ ካሜራ ይተካል።

ልጆች በአጉሊ መነጽር የፀሐይን ብርሃን ሰብስበው ወረቀት ሲያቃጥሉ ያላየ ጥቂት ነው። የካሜራ ሌንስ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ብርሃኑንና ሙቀቱን ሰብስቦ ምስል በሚቀበለው ስስ ክፍል ላይ ያሳርፈዋል። በቀድሞዎቹ የቪዲዮ ካሜራዎች ውስጥ የነበረው የምስል ቱቦ ለአጭር ጊዜ እንኳ ወደ ፀሐይ ቢዞር የማይጠፋ ጠባሳ ይቀርበት ነበር። በቱቦው ፈንታ የገባው የዛሬው ብርሃን ተቀባይ የተሻለ ቢቋቋምም፣ በተለይ ሩቁን በሚያቀርብ ሌንስ ለረጅም ጊዜ ከተጋለጠ እርሱም ይበላሻል።

የዓይን ጉዳት ግን ከዚህ የከፋ ነው። ሬቲና ሕመም የሚያሰማ ነርቭ ስለሌለው ሲቃጠል አይታወቅም። ሰውየው መጎዳቱን የሚረዳው ከሰዓታት በኋላ፣ ሊያነብ ሲሞክር ትኩር ብሎ የሚያየው ፊደል ሲጠፋበት ነው። በግርዶሽ ጊዜ ደግሞ ብርሃኑ ስለሚደበዝዝ ዓይን እንደ ወትሮው አይሸሽም፤ ያልተሸፈነው ክፍል የማቃጠል ኃይል ግን እንዳለ ነው።

መከላከያው ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ነው። ይህ ማጣሪያ ከብርሃኑ ከ100,000 እጅ አንዱን ያህል ብቻ ያሳልፋል፤ የማይታዩትንም ጎጂ ጨረሮች ያግዳል። የሚገጠመው ከሌንሱ ፊት እንጂ ከኋላው አይደለም፤ ከኋላ ከሆነ የተሰበሰበው ሙቀት ይሰነጥቀዋል። የግርዶሽ መነጽር አድርጎ ማጣሪያ በሌለው ካሜራ የመስተዋት መመልከቻ አጮልቆ ማየትም አያድንም። በጥላሸት የጠቆረ መስተዋት፣ የራጅ ፊልምና ተራ ጥቁር መነጽር ከሁሉ ይብሳሉ፤ ብርሃኑን አደብዝዘው ጎጂውን ጨረር ስለሚያሳልፉ ዓይንን ያደፋፍራሉ።

ቀራጩ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያደርጋል። ፀሐይን በዓይኑ አይፈልግም፤ መሬት ላይ የወደቀውን የካሜራውን ጥላ ተመልክቶ፣ ጥላው እጅግ ሲያንስ አቅጣጫው መስተካከሉን ያውቃል። ፀሐይ በ2 ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ስለምትጓዝ ካሜራውን በየጊዜው ማቅናት ግድ ነው። ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን ፀሐይ ፈጽማ በተሸፈነችባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ማጣሪያው ሊነሣ ይችላል፤ በላሊበላው ዓይነት ግርዶሽ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነሣም።

ማጣሪያ ያላገኘ ሰው ካርቶን በመርፌ ቀድዶ፣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ብርሃኑን በነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፋል። ወረቀቱ ከቀዳዳው 1 ሜትር ሲርቅ የፀሐይ ምስል ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ወረቀቱንም ማንኛውም ካሜራ ያለ ጉዳት ይቀርጸዋል። የዛፍ ቅጠሎችም በመካከላቸው ባለው ክፍተት ይህንኑ ይሠራሉ፤ ጨረቃ በፀሐይ መካከል በገባች ጊዜ ከዛፉ ሥር መሬቱ በትንንሽ የብርሃን ቀለበቶች ይሞላል።