ሉፐስ ያለባት ሴት ስታረግዝ

የሰውነታችን የመከላከያ ሥርዓት ሥራው ተህዋሲያንን ለይቶ መምታት ነው። አንዳንዴ ግን በገዛ አካሉ ላይ ይነሣል። ሉፐስ ከዚህ ወገን ነው፤ ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምንና ኩላሊትን ያጠቃል። ከሕመምተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም በመውለጃ ዕድሜ ነው። ስለዚህ «መውለድ እችላለሁ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። መልሱ በአብዛኛው «አዎ፣ ከታቀደ» ነው።

የእናት አንቲቦዲ ወደ ፅንሱ እንዴት ይደርሳል?

የእናትና የፅንስ ደም አይቀላቀልም። ሆኖም አይጂጂ የተባለውን የአንቲቦዲ ዓይነት የእንግዴ ልጁ ራሱ ተቀብሎ ያሳልፋል። ዝውውሩ ከ13ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ እስከ ወሊድ እየጨመረ ይሄዳል። ነፍሰ ጡሯ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ስትወስድ አራስ ልጇም የሚጠበቀው በዚሁ መንገድ ነው። የእንግዴ ልጁ ግን ጠባቂውን አንቲቦዲ ከጎጂው አይለይም።

የፅንሱ ልብ

አንዳንድ የሉፐስ ሕመምተኞች ፀረ-ሮ የሚባል አንቲቦዲ አላቸው። ይህ አንቲቦዲ የልብን ምት የሚመራውን የኤሌክትሪክ መስመር ሊያቆስል ይችላል። ጉዳቱ በብዛት የሚታየው ከ18ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት ነው። ጤናማ ፅንስ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ የሚመታ ልብ አለው፤ መስመሩ ፈጽሞ ሲቋረጥ ምቱ ወደ 60 ገደማ ሊወርድ ይችላል።

አንቲቦዲው ካላቸው 100 እናቶች ይህ የሚገጥማቸው 1 ወይም 2 ብቻ ናቸው። ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ግን ሥጋቷ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ሃይድሮክሲክሎሮኩይን የተባለው መድኃኒት ይህንን ሥጋት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ፈጽሞ የተቋረጠ መስመር አይመለስም፤ ብዙዎቹ ልጆች የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። በአንጻሩ ይኸው አንቲቦዲ በአራሱ ቆዳ ላይ ሊያወጣው የሚችለው ሽፍታ የእናቲቱ አንቲቦዲ ከደሙ ሲጠፋ በወራት ውስጥ ይለቃል።

የእንግዴ ልጁና የደም ግፊት

ከሉፐስ ጋር ሌላ ዓይነት አንቲቦዲም ሊኖር ይችላል፤ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ የእንግዴ ልጁንም ይጎዳል። ውጤቱ ተደጋጋሚ ውርጃ፣ የፅንስ መቀጨጭ ወይም ያለጊዜው መውለድ ነው። ሕክምናው አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪንና የሄፓሪን መርፌ ነው።

በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊትን የሚያንረው ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው ሕመምም በሉፐስ ታማሚዎች ላይ ይበረታል። የደም ግፊት ሲጨምርና ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ ምክንያቱ እሱ ይሁን ወይስ ያገረሸ የኩላሊት ሉፐስ መለየት ለሐኪምም ይከብዳል። ከእርግዝና በፊት የተደረገ የኩላሊት ምርመራ ለማነጻጸር የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው።

ከማርገዝ በፊት

በሽታው ቢያንስ ለ6 ወራት ጋብ ብሎ መቆየት አለበት። ሜቶትሬክሴትና ማይኮፌኖሌት ፅንስን ስለሚጎዱ አስቀድመው በሌላ ይተካሉ። ሃይድሮክሲክሎሮኩይን ግን በእርግዝናም ይቀጥላል። «ለልጄ ብዬ» ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ጊዜ ማቆም በሽታውን ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሰ ሉፐስ ደግሞ ለእናቲቱም ለፅንሱም አደገኛ ነው።

እንግዲህ ሉፐስ ያለሽ እህቴ፣ ልጅ ስታስቢ መጀመሪያ ሐኪምሽን አማክሪ። የሁለቱንም አንቲቦዲዎች የደም ምርመራ ጠይቂ፤ መድኃኒትሽንም በራስሽ ውሳኔ አታቋርጪ።