የነርሶች የዲግሪ ትምህርት ግቡን መምታቱ በምን ይታወቃል?

አስተማሪ የሆነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ፈተና የሚለካው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ለነርሶች በሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርትም ይኸው ይታያል። የትምህርቱ ግብ በሽተኛን ሳይጎዳ የሚያስታምም ሰው ማውጣት ሲሆን፥ ተመራቂው አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በጥያቄና መልስ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገራችን ዩኒቨርስቲዎች የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ከቀረቡት መልሶች ትክክለኛውን የሚያስመርጥ ነው። እንዲህ ያለው ፈተና አይረባም ማለት አይደለም፤ የመድኃኒት መጠን አስልቶ ማግኘት የማይችል ነርስ ወደ በሽተኛ አልጋ መቅረብ የለበትም።

አሜሪካዊው የሕክምና ትምህርት ሊቅ ጆርጅ ሚለር በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ችሎታን በአራት ደረጃ ከፍሎታል። ይኸውም ነገሩን ማወቅ፥ አሠራሩን ማወቅ፥ ሠርቶ ማሳየት፥ በመጨረሻም በዕለት ሥራ ላይ መፈጸም ነው።

የእጅ መታጠብን ነገር ለምሳሌ እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እጅ የሚጸዳባቸው አምስት ጊዜያት ተወስነዋል፤ እነርሱም በሽተኛውን ከመንካት በፊት፥ እንደ መርፌ መውጋት ያለ ንጽሕና የሚያሻው ሥራ ከመጀመሩ በፊት፥ የሰውነት ፈሳሽ ሊነካ ከሚችል ሥራ በኋላ፥ በሽተኛውን ከነኩ በኋላ፥ እንዲሁም በአጠገቡ ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ ናቸው። በውኃና በሳሙና ሲሆን ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይፈጃል። ተማሪው ይህን በቃሉ ይወጣዋል። ሠርቶ ማሳየቱንም ለመመዘን ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ በዳንዲ ከተማ ያወጡት ዘዴ በ1975 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ተፈታኙ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሲሠራ፥ ፈታኙ አስቀድሞ በተዘጋጀ ዝርዝር ነጥብ ይሰጠዋል።

አስቸጋሪው አራተኛው ደረጃ ነው። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ይጠነቀቃል፤ ስለዚህ አለቃ ቆሞ ሲያይ የታጠበ እጅ በሌሊት ተራ ለሚሆነው ማስረጃ አይሆንም። የሚሻለው ከተመረቁ ከወራት በኋላ በየተመደቡበት ክፍል ሥራቸውን ደጋግሞ መመልከት፥ በሽተኞቹን መጠየቅ፥ በክፍሉ በየወሩ ያለቀውን ሳሙና መመዝገብ ነው።

ታዲያ ተመልካቹ ነርሱን ከመመዘኑ በፊት ቧንቧውን ከፍቶ ይይ። ውኃ በሌለበት ክፍል፥ ወይም አንድ ነርስ ከአቅሙ በላይ ብዙ በሽተኛ በሚያስታምምበት ክፍል ያልታጠበውን እጅ የትምህርት ቤቱ ጉድለት ነው ብሎ መጻፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ውኃውም ሳሙናውም እያለ ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡት ደጋግመው የሚዘነጉ ሲሆን ግን፥ ተማሪ በቃል ከተነገረው ይልቅ ነባሮቹ ነርሶች ሲያደርጉ ያየውን ይዞ ስለሚወጣ፥ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ለልምምድ የሚልክበትን ሆስፒታል አሠራር አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል።