ሁለቱን ነቀርሳዎች እንለይ

በአማርኛችን «ነቀርሳ» የሚባሉ ሁለት በሽታዎች አሉ። አንደኛው የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ ነው፤ ሁለተኛው ዛሬ በብዛት ካንሰር የምንለው ነው። ስም ስለተጋሩ ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል፤ ካንሰር የያዛትንም እናት ዕቃዋን ይለያል፣ ይሸሻታል። ትምህርታችን ከዚሁ ይጀምር።

ቲቢ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ካንሰር ግን አብሮ በመብላትም ሆነ በመተኛት አይጋባም፤ የሚነሣው ከራሱ ከታማሚው ሕዋስ ነው።

ሕዋስ ሲያረጅ ይሞታል፤ በቦታው ሌላው ተከፍሎ ይተካል። መቼ መከፈል፣ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ዘረ መሉ ነው። ትምባሆ፣ ጨረር፣ አንዳንድ ቫይረሶች፣ ዕድሜም ራሱ ይህን ትእዛዝ ያበላሻሉ። ብልሽቱ ሲደራረብ ሕዋሱ «በቃ» ቢሉት አይሰማም፤ ዝም ብሎ ይከፈላል። ከዚያ ጎረቤቱን ይወርራል፣ በደም ተጉዞ ሌላ ቦታ ይተከላል። የማይወርርና የማይዛመት እብጠት ካንሰር አይባልም።

እስቲ በጥቁር ሰሌዳ እንሥራው። 1 ሕዋስ 2 ይሆናል፤ 2ቱ 4፣ 4ቱ 8። 30 ጊዜ ሲታጠፍ ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል፤ ይህም 1 ግራም ያህል ነው። እጅ የሚዳስሰው ገና ያን ጊዜ ነው። ሌላ 10 እጥፍታ ቢጨመር ግን 1 ኪሎ ይሆናል! እርግጥ በሰውነት ውስጥ ብዙ ሕዋስ በመንገድ ስለሚሞት ስሌቱ እንዲህ ልክ አይመጣም። ቁም ነገሩ ግን ያው ነው፤ ትንሿ እብጠት ረጅም መንገድ የመጣች ናት። ስለዚህ «አላመመኝም፣ ይቆይ» አያዋጣም። የጡት እብጠት መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም።

ሐኪም በዓይን አይቶ ብቻ አይፈርድም። ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል፤ ስርጭቱም በራጅ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ይታያል። ዋና ዋናዎቹ ሕክምናዎች ቀዶ ጥገና፣ ጨረርና መድኃኒት ናቸው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ኬሞቴራፒ ሲሆን በፍጥነት የሚከፈሉ ሕዋሳትን ይመታል፤ የጠጉር ሥርም ፈጥኖ ስለሚከፈል ነው ጠጉር የሚረግፈው።

ይህ ሁሉ ለኩሌ ሩቅ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የሰፈሩባት ኩሌ ኢታንግ ውስጥ ናት፤ ከጋምቤላ ከተማ አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአገራችን የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ዛሬ ጅማን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ይሰጣል፤ ቢሆንም መንገዱ ረጅም ነው።

መንገድ ሲረዝም መከላከል ይበልጣል። የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚታይ ነው። መነሻው በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ የሚተላለፈው ቫይረሱ እንጂ ካንሰሩ አይደለም። ከቫይረሱ እስከ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚህ መካከል ነርሷ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ፣ የአቼቶን ዓይነት፣ በማኅፀን በር ላይ ትቀባለች፤ የተለወጠው ቦታ ነጭ ይሆናል፣ ካንሰር ሳይሆንም ይታከማል።

ከሁሉ የሚቀድመው ክትባቱ ነው። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች፤ በብዛት የሚሰጠውም በትምህርት ቤት ነው። እኛ መምህራን የምንገባበት እዚህ ላይ ነው። ወላጅ መጥቶ «ልጄን መካን ያደርግብኛል ይባላል፣ እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው በመጀመሪያ የክፍል መምህሯን ነው። መልሱ «አያደርግም» ነው፤ ምክንያቱንም ወላጅ በሚሰማው ቋንቋ ማስረዳት የኛ ፈንታ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ቲቢና ካንሰር በምን በምን ይለያያሉ?
2. የማያም እብጠት ለምን ቶሎ መታየት አለበት?
3. ክትባቱን ለሚፈራ ወላጅ ምን ትሉታላችሁ?