ስለ ሴቶች ውትድርና የቀረበልን ጥያቄ

የታኅሣሥ 19ን የቅዱስ ገብርኤል በዓል ለማክበር ወደ ቁልቢ የሚጓዙ ምእመናን በየዓመቱ በድሬዳዋ ያልፋሉ። ባለፈው በዓል ከእነዚሁ ተጓዦች መካከል አንዲት የሠራዊት አባል የሆነች እኅት በዐውደ ምሕረት ቆማ ጥያቄ አቀረበችልን። ነገሩ በሕዝብ ፊት የተነገረ እንጂ በንስሐ ምሥጢር የተሰማ ስላይደለ ልንጽፈው ፈቀድን። «አባታችን፥ በጦር ግንባር ተሰልፌ ተዋግቻለሁ። ሴት ሆነሽ ደም አፍስሰሻልና ኃጢአትሽ ከወንዱ ወታደር እጥፍ ነው፤ ወደ ሥጋ ወደሙ አትቀርቢም የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ይህ ከየትኛው መጽሐፍ ተገኘ?» አለችን።

በዕለቱ የሰጠናት መልስ አጭር ነበር። ይህን የመሰለ ጥያቄ ሌሎችንም ካህናት እንደሚያጋጥማቸው ስለምናስብ እዚህ ጥቂት አስፋፍተን እናቀርበዋለን። ስለ ጕልበትና ስለ ጦር ስልት መናገር የእኛ ሥራ አይደለም፤ ለባለሙያዎቹ እንተወዋለን።

አስቀድመን ኦሪትን እንመልከት። በዘኍልቍ መጀመሪያ እግዚአብሔር ለሰልፍ የሚወጡትን እንዲቈጥር ሙሴን ባዘዘው ጊዜ የተቈጠሩት 20 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑት ወንዶች ናቸው። ሴት ወደ ጦር ሜዳ አትውጣ የሚሉ ወገኖች ይህን ምስክር ያደርጉታል፤ ማስረጃቸውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የዘዳግምን 20ኛ ምዕራፍ አብሮ ማንበብ ይገባል። በዚያ አዲስ ቤት ሠርቶ ያልገባበት፥ ወይን ተክሎ ፍሬውን ያልቀመሰ፥ ሚስት አጭቶ ያላገባ፥ ልቡም የፈራ ሰው ከሰልፍ እንዲመለስ ታዝዟል። በ24ኛው ምዕራፍም አዲስ ሙሽራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጦርነት ነጻ ተደርጓል። እንግዲህ የሕጉ አሳብ ሠራዊት ቤትን እንዳይውጠው መጠበቅ ነው። ሴቶች ከቍጥሩ የቀሩትም ተንቀው ሳይሆን ቤት በእነርሱ ስለሚጸና መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ስለዚህ ነፍሰ ጡርን ወይም የምታጠባ እናትን በግድ ለጦር ማሰለፍ ከዚህ አሳብ ጋር የሚጣላ ነው እንላለን። በፈቃዷ የወጣችውን መኰነን ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ መጽሐፈ መሳፍንት ስንሻገር ዲቦራን እናገኛለን። ባርቅ ያለ እርሷ እንደማይዘምት በነገራት ጊዜ አብራው ወጣች፤ ከንፍታሌምና ከዛብሎን የተሰበሰቡት ሰዎችም 10,000 ነበሩ። ዲቦራ ሰይፍ መዘዘች የሚል ግን አልተጻፈም፤ ነቢይትና ፈራጅ ሆና የጦርነቱን ሰዓት አመለከተች። ይህን ሳይለዩ ስለ ሴት ወታደር በጥቅሉ የሚጠቅሷት ሰባክያን ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በእጇ የመታችው ኢያዔል ናት። እርሷ ሲሣራን በድንኳን ካስማ በገደለችው ጊዜ ተመሰገነች እንጂ አልተነቀፈችም። የቴቤስም ሴት አቤሜሌክን በወፍጮ መጅ መታችው፤ ዮዲትም ከጾምና ከጸሎት በኋላ ሆሎፎርኒስን ገደለች። ከእነዚህ ለአንዲቱም ከወንድ የከበደ ፍርድ አልተጻፈባትም። ስለ ሴትና ስለ ወንድ ልብስ በዘዳግም 22ኛ ምዕራፍ የተጻፈውን አንሥተው የሚከራከሩም አሉ፤ ያ ሕግ ስለ ልብስ እንጂ ስለ ጦርነት የተሠራ አይደለም።

የሀገራችንም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. የሐረሩ ገዥ ራስ መኰንን በተሰለፉበት በመቀሌ ከበባ፥ የጠላት ምሽግ ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ የማስያዝ ምክር የእቴጌ ጣይቱ ነበረ። የካቲት 23 ቀን በዐድዋ እቴጌይቱ ከሠራዊታቸው ጋር በሜዳው ዋሉ፤ ውኃ የሚያቀብሉና ቍስለኛ የሚያነሡ ሴቶችም ብዙዎች ነበሩ። (ያች እኅት የምትሄድበትን የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ እኒሁ ራስ መኰንን ናቸው።) በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ደጃዝማች አበራ ካሣን ከገደሏቸው በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም አርበኞችን እየመሩ ተዋግተዋል። እነዚህን በክብር እያነሣን የዛሬዪቱን ወታደር ከደጀ ሰላም ብንመልስ መልሳችን ምን ይሆናል?

በዘመናችን መንግሥታት ክርክሩን በየራሳቸው እየፈጸሙት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የውጊያውን ክፍል ሁሉ ለሴቶች ከፍታለች፤ በእኛም ሀገር በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ አይሻ መሐመድ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾመው ነበር። ጦርነትም ቢሆን የሴትን ፈቃድ የሚጠብቅ አይደለም፤ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ባጠቃ ጊዜ የከተማዪቱ እናቶች ይህን በቤታቸው ሆነው አይተዋል። የሚከብደው ከጦርነት በኋላ ያለው ነው። እስከ 1983 ዓ.ም. በትግራይ በተደረገው ትግል ከታጋዮቹ ሲሶ ያህሉ ሴቶች እንደ ነበሩ ይነገራል። ከተሰናበቱት መካከል ብዙዎቹ ወደ ቀድሞው ኑሮ መመለስ፥ ትዳርም መያዝ ተቸግረዋል። ሰው በጀግንነቷ እያመሰገነ ለልጁ ሚስት ትሆን ዘንድ ግን አይፈልጋትም። ይህ ፈሪሳዊነት በእኛ በካህናት ዘንድ እንዳይገኝ እንፈራለን።

ቀኖናውስ ምን ይላል? በሐዋርያት ቀኖና ከውትድርና የተከለከሉት ካህናት ናቸው፤ ክልከላውም ስለ ክህነታቸው ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ለአንፊሎክዮስ በጻፈው በ13ኛው ቀኖና፥ አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍስ ግድያ ጋር እንዳልቈጠሩት ይናገራል፤ ሆኖም እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለ3 ዓመት ከቍርባን ብቻ ቢከለከሉ መልካም ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይመክራል። ምክሩ ለወንድ ይህን ያህል፥ ለሴት እጥፍ አይልም። የተመከረውም ቍስለኛዪቱ ነፍስ እስክትድን የሚቈይ መድኃኒት እንዲሆን ነው፤ መጠኑን የሚመዝነው የንስሐ አባት እንጂ የመንደር ወሬ አይደለም።

ለዚያችም እኅት፥ እጥፍ የሚል ቃል በመጻሕፍት እንደሌለ ነግረን፥ ወደ ንስሐ አባቷ እንድትሄድና የሚሰጣትን ቀኖና እንድትቀበል መከርናት። እርሷ ግን የንስሐ አባቷ በግንባር ሳለች ማረፋቸውን ነገረችን። ስለዚህ ከቁልቢ ስትመለስ እንድታገኘን ቀን ቀጥረን አሰናበትናት።